ተቀባይ ያጡ ሦስት በርሜሎች፦ ከአንድ የድሬዳዋ የጋራ መኖሪያ ግቢ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በጥር 2016 ዓ.ም. አንድ ማለዳ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ከሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ጀርባ አንዲት ፍየል ሞታ ተገኘች። ባለቤቷ ከሕንጻው አጥር ውጭ በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ፍየሏ ለሳምንታት ሆዷ እንደ ተነፋ ጀርባዋ እየከሳ ሄዶ ነበር። ቀድሞ ሥጋ ቤት ይሠራ የነበረ ጎረቤት ሆዷን ሲከፍተው ከጨጓራዋ ውስጥ ሁለት እጅ ሙሉ የሚሆን የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። ከሥር ያለው ጠቁሮና ጠጥሮ እንደ ገመድ ተገምዷል። ከላይ ያለው ግን ቀለሙ ገና አልለቀቀም። አንደኛው ቋጠሮው እንኳ ሳይፈታ ነው የተገኘው፤ በውስጡም ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ነበረበት።

እኔ የዚያ ሕንጻ ነዋሪ ነኝ። ፍየሏ ከመሞቷ አራት ወር ቀደም ብሎ ሦስት ባለቀለም የቆሻሻ በርሜሎች ወደ ግቢው ሲገቡ ከተቀበለው ኮሚቴ አንዱ ነበርኩ። ቆሻሻ ለይተን እናስወግድ ብለን የጀመርነው ሥራ የግቢውን ቆሻሻ አንድ ክፍል ከበፊቱ ወደ ባሰ ቦታ ወሰደው። ጉዳዩን መዝግቤ ማቆየት የፈለግኩት በሌሎች ሰፈሮችም ተመሳሳይ በርሜሎች ሲታደሉ ስለማይ ነው። የሰዎቹንም ሆነ በርሜሎቹን የለገሰውን ድርጅት ስም አልጠቅስም።

ግቢውና ቆሻሻው

ሕንጻው ባለ አራት ፎቅ ሲሆን 24 ቤተሰብ ይኖርበታል። ግማሽ ያህሉ ተከራይ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ደረጃ ላይ የሚሰሙበት ቤት ነው። ምድር ቤቱ ላይ አንድ ሱቅ፣ አንድ ፀጉር ቤትና አንዲት ጫት ሻጭ አሉ።

የድሬዳዋ ቆሻሻ የራሱ ሰዓት አለው። ጫቱ ከአወዳይ በኩል ተጭኖ መጥቶ ከቀትር በኋላ ይሸጣል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ተመርጦ የቀረው ትራፊ፣ ማለትም ገራባው፣ የሚከማቸው ማታ ነው። በቀትር ሙቀት ከተማው ይተኛል፤ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ያለ ጉዳይ ከቤት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ቤት በከሰል ስለሚያበስል አመድ በየቀኑ ይወጣል። ነፋሱ በበርም በመስኮትም አሸዋ ስለሚያስገባ የማለዳው ጥራጊ ከባድ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ዕቃ አጥቦ መጣል የሚባለው ምክር ብዙ ሰሚ የለውም።

በርሜሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ግቢው ቆሻሻ አይለይም ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እኛም ተሳስተን ነበር። ጫት ሻጯ ገራባውን በአጥሩ ጥግ ባዶ መሬት ላይ ትደፋዋለች፤ የእኒያ እናት ፍየሎች ማለዳ መጥተው ቅጠሉን ይበሉታል፤ የቀረውን እንጨት ዘበኛው ለቡና ማንደጃ ይሰበስበዋል። የተረፈ እንጀራ ሰገነት ላይ ደርቆ ከብት ለሚያደልብ ሰው ይሸጣል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ባዶው ካልተመለሰ ሙሉው ስለማይሰጥ ከሳጥኑ አይጎድልም። ብረታ ብረትና አሮጌ ድስት ቆራሌው ይገዛል። ሃይላንዱን ሁለት ታዳጊ ልጆች ከቆሻሻው መሀል እየለቀሙ በኪሎ ይሸጣሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣ የእጅ ጋሪ ይወሰዳል። ጋሪው ሲዘገይ ደግሞ ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ይጣላል።

ችግሩም ይኸው የጎርፍ መውረጃ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ደረቅ አሸዋ ደረቅ ሆኖ አይቀርም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንዳለቁ ከተማው አይረሳም። ያን ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ አይደለም፤ ከላይ ከተራራው የወረደ ዝናብ ነው። ሆኖም ትንንሾቹ መውረጃዎች በፌስታል ሲደፈኑ መጠነኛ ዝናብ እንኳ ወደ ቤት እንደሚገባ በየዓመቱ እናያለን። ሌላው ስጋት ትንኝ ነው። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ቀን የምትናከስ ትንኝ ስትሆን የምትራባውም ጎማ፣ ጣሳ፣ ክዳን አልባ በርሜልና በመሳሰለው ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ የተጣለ ዕቃ እዚህ ከተማ የዓይን ማስቀየሚያ ብቻ አይደለም።

በርሜሎቹ ሲመጡ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሦስት የፕላስቲክ በርሜሎች ገቡ። አረንጓዴው «የሚበሰብስ»፣ ቢጫው «መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል»፣ ጥቁሩ «ሌላ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲገኝ ተብሎ ሳለ የተገኘው ዘጠኝ ነው። ከዘጠኙ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ በየቤቱ ቆሻሻ የሚያወጡት ግን ሴቶች፣ ልጆችና የቤት ሠራተኞች ናቸው። ይህን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

ኮሚቴው ግቢው ይጽዳ ብሎ አንድ ደንብ አወጣ፦ መሬት ላይ ምንም አይደፋ፤ ሁሉም ቆሻሻ ታስሮ በርሜል ውስጥ ይግባ። ደንቡን ካረቀቁት አንዱ እኔ ነኝ። ጫት ሻጯም ደንቡን አክብራ ገራባውን በፌስታል እያሰረች አረንጓዴው በርሜል ውስጥ ማስገባት ጀመረች። ከየፎቁ የሚወርደውም እንዲሁ ታስሮ ይወርዳል። ፍየሎቹ ግን የለመዱትን ምግብ ሽታ ተከትለው በርሜሉን በግንባራቸው እየገፉ ይገለብጡታል። ድሮ ቅጠል ብቻ ይበሉ የነበሩት አሁን ቅጠሉን ከነፌስታሉ ይበላሉ። ፌስታል በፍየል ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ ወደ ታችም በቀላሉ አያልፍም። እየተጠቀለለ ቦታ ይይዛል፤ እንስሳዋ የጠገበች ይመስላታል እንጂ የምትበላው አይጠቅማትም። ከሞተችው ፍየል የወጣው የሥረኛው ክምር የቆየ ስለሆነ ሁሉንም ጥፋት በበርሜሎቹ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ከላይ የነበረው ግን የእኛ ደንብ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከአመዱ መጣ። አመድ «የሚበሰብስ» ነው ወይስ «ሌላ»? ጽሑፉ አይናገርም። አንድ ምሽት አንዲት የቤት ሠራተኛ ከምድጃው የዛቀችውን አመድ ጥቁሩ በርሜል ውስጥ ደፋች። በአመዱ ሥር ፍም ነበረበት። ለሊት የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫችንን ሲሞላው ወርደን ስናይ የበርሜሉ ጎን እንደ ሰም ቀልጦ የራስ ቅል የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ልጅቷ ተቆጡኝ ብላ ለሁለት ቀን አልቅሳለች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ አመድ የሚደፋበት ቦታ አላዘጋጀንላትም።

ሥራውን ጨርሶ የገደለው ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ጋሪ የሚገፉት ሦስት ሴቶች አንድ ጋሪ ብቻ ነው ያላቸው። ሦስቱን በርሜሎች በየተራ እያነሱ እዚያው አንድ ጋሪ ላይ ይደፏቸዋል። ይህን ሰገነት ላይ ሆነው ያዩ እናቶች ወሬውን በአንድ ቀን በየደረጃው አዳረሱት። «እኛ ስንለይ፣ እነሱ ሲቀላቅሉ፣ ለማን ብለን ነው?» ያለችኝ ጎረቤቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ በትጋት ስትለይ የነበረች ሴት ናት። መልስ አልነበረኝም። ሴቶቹን መውቀስም አይቻልም፤ ጋሪያቸው የሚያደርሰው አንድ ገንዳ ጋ ነው፤ ገንዳውን የሚያነሳው መኪናም አንድ ነው። በኅዳር ወር ሦስቱም በርሜሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ነበር።

ሽምግልናው

ፍየሏ በሞተች ማግሥት የእናቲቱ ልጅ ፌስታሉን በሣህን ይዞ ግቢው በር ላይ ቆመ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ስለነበር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከግቢው ወገን ገሚሱ «ፍየል ለምን ትለቀቃለች?» አለ፤ ገሚሱ ካሣ ይከፈል አለ። ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥቶ አንዲት ጠቦት ለመግዛት ተስማማ።

እናቲቱ ጠቦቷን ተቀበሉ። ከዚያ ኮሚቴውን እንዲህ አሉት፦ «ልጆቼ፣ ዋጋዋን ከፍላችኋል፤ አላህ ይተካላችሁ። ነገር ግን ይህቺም እዚያው ነው የምትበላው። ፌስታላችሁን ያዙልኝ።»

በዚያው ዕለት ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ደንቡን ሻረ። አዲስ ደንብ ከማውጣት በፊት የምንጥለውን በዓይናችን እንይ የሚል ሐሳብ ያቀረበችው ከስብሰባው ዳር ቆማ ትሰማ የነበረች፣ ከጋሪ ገፊዎቹ አንዷ ናት። በሥልጠናው ቀን ማንም አልጠራትም ነበር።

ሸራው ላይ የታየው

በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ የሁሉንም ቤት የአንድ ቀን ቆሻሻ ግቢው መሀል በተዘረጋ ሸራ ላይ ደፋነው። ጋሪ ገፊዎቹ ጓንት አድርገው በመጥረጊያ እንጨት እየለዩ ከመሩን በኋላ ከሱቁ የተዋስነው ሚዛን ላይ በየዓይነቱ መዘንነው።

ከባዱ ክምር አሸዋና አመድ ሆነ። ቀጥሎ የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ፣ ከዚያ ገራባ። ዓይን የሚሞላው የፕላስቲክ ክምር ሚዛን ላይ ሲወጣ ከሁሉም ቀለለ። ይህ ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር፤ «ቆሻሻ» ሲባል የምናስበው ፌስታልና ሃይላንድ ነበርና። ጋሪ ገፊዎቹ ግን ያውቁታል፤ ጋሪው ዳገት ላይ የሚከብዳቸው በፌስታል ሳይሆን በአሸዋና በአመድ ነው። ከመካከላቸው አንዷ መዳፏን ዘርግታ ያሳየችን ጠባሳ ደግሞ በጥቁር ፌስታል ውስጥ ተደብቆ ከወጣ የተሰበረ ብርጭቆ የተረፈ ነው።

ሃይላንድ የሚለቅሙት ሁለቱ ልጆችም መጥተው ነበር። ትልቁ፣ 13 ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ገዢያቸው ለምን ክዳኑን እየነቀሉ እንዲያመጡ እንደሚያዝዛቸው በአንድ ባልዲ ውሃ አሳየን። ከጠርሙሱ ቁራጭ ቆርጦ ጣለ፤ ሰጠመ። ክዳኑን ጣለ፤ ተንሳፈፈ። «ዘራቸው ለየቅል ነው፣ አብረው አይቀልጡም» አለን። ልክ ነው፤ ጠርሙሱና ክዳኑ ከሁለት የተለያዩ የፕላስቲክ ዓይነቶች የተሠሩ ናቸው፤ የጠርሙሱ ከውሃ ይከብዳል፣ የክዳኑ ይቀላል። በግማሽ ቀኑ ሥልጠና ያልነገሩንን ይህ ልጅ በአምስት ደቂቃ አስተማረን።

ከሸራው ሳንነሳ ለእያንዳንዱ ክምር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ ይህን ነገ ማን ይወስደዋል? ስም የሚጠራለት ክምር ለብቻው ይቀመጥ፤ ስም የማይጠራለት ለጋሪው አብሮ ይሂድ አልን። ሥራውን የቀየረው ይህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የጠየቅነው ቆሻሻው ከምን እንደ ተሠራ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብን ወዴት እንደሚሄድ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ገራባው ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። ከተጣለ ብረት ወገብ ድረስ የሚደርስ የሽቦ ቆጥ አሠራን። ጫት ሻጯ ገራባውን ያለ ፌስታል እዚያ ላይ ትደፋለች፤ ከየፎቁ የሚወርደውም ፌስታሉ እዚያው ተፈትቶ ይራገፋል። ፍየሎቹ አንገታቸውን ዘርግተው ይበላሉ፤ እንጨቱ ከሥር ይወድቃል፤ ዘበኛው ይሰበስበዋል። ባዶውን ፌስታል የሚቀበል ከረጢት ቆጡ አጠገብ ተሰቀለ። ሰው ሁለት እርምጃ እንዲሄድ ከጠየቅከው ፌስታሉን መሬት ላይ ይጥለዋል፤ እጁ በሚደርስበት ካገኘ ግን ይከተዋል።

ለአመድ ክዳን ያለው አሮጌ የብረት በርሜል ተገዛ። ሕጉ አንድ ነው፤ አመድ የትም ቢሄድ መጀመሪያ ብረት ውስጥ ያድራል። የቀዘቀዘውን አመድና አሸዋ ከጀርባ ያለውን የተቦረቦረ መንገድ ለመሙላት ተጠቀምንበት፤ ከፊሉን እናቲቱ ለመጸዳጃቸው ሽታ መከላከያ ይወስዳሉ። በዚህ ብቻ የጋሪው ጭነት በግልጽ ቀለለ።

ለሃይላንድ የቆየ የማዳበሪያ ከረጢት በደረጃው ሥር ተሰቀለ። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ ለብቻው ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣሳው ሲሞላ ለጋሪ ገፊዎቹ በእጅ ይሰጣል። የተረፈው ሁሉ፣ ዳይፐሩም ጭምር፣ አረንጓዴውና ቢጫው በርሜሎች ውስጥ ይገባል። ቀለማቸው ምንም ትርጉም እንዳይኖረው ተስማማን።

ጽሑፉን ፍቀን አጠፋነው። የቤት ሠራተኞቹ ገሚሶች ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አማርኛ የማያነቡ፣ ኦሮምኛንም በላቲን ፊደል የማያነቡ አሉ። በምትኩ ዕቃውን ራሱን በሽቦ አሰርነው፦ በከረጢቱ ላይ ባዶ ሃይላንድ፣ በብረት በርሜሉ ላይ የከሰል መዛቂያ፣ በጣሳው ላይ ምላጭ የታሰረበት ካርቶን። ከዚያ በኋላ «ይህ የት ይገባል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

በመጨረሻም ሰዓቱን ቀየርን። ጋሪው ይመጣ የነበረው ወደ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ነው። ሴቶቹን ስንጠይቃቸው ለእነርሱም ያ ሰዓት ሙቀቱ የሚገድልበት ነው፤ የመረጡት ሳይሆን ተራው ያደረሳቸው ነበር። ተነጋግረን ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ሆነ።

ስለ ሃይላንዱ የተነሣው ክርክር

ከሁሉም የከበደን ከረጢቱ ነበር። ከረጢቱ በሁለት ሳምንት ሲሞላ ኮሚቴው ቆልፎ አስቀመጠውና ራሱ ሸጠው። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ የአንድ ጥንድ ጓንትና የመጥረጊያ ዋጋ እንኳ አልሸፈነም። በዚያው ሳምንት በርሜሎቹ ለሊት ተገልብጠው ማደር ጀመሩ። ዘበኛው አንድ ሌሊት ነቅቶ ሲጠብቅ የባልዲውን ትምህርት የሰጡንን ሁለት ልጆች አገኛቸው። ከቆሻሻው መሀል ሃይላንድ እየፈለጉ ነበር። እኛ ስንለይ የእነርሱን እራት እንደ ቆለፍን አላሰብንም።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። «ግቢው የለየው የግቢው ነው» የሚሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም መሠረት አለው፤ ከረጢትም ጓንትም የሚገዛው ከመዋጮ ነው። በመጨረሻ ያሸነፈው ሐሳብ ከረጢቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ይሰጥ፤ እነርሱ በምትኩ የቆጡን ሥር ይጥረጉ የሚል ነው። ሁለት ቤተሰቦች ተቀይመው ለአንድ ወር መዋጮ አልከፈሉም። ይሁንና ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የተገለበጠ በርሜል የለም። በግሌ ገንዘቡን መተዋችን ትክክል እንደ ነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ልጆቹ ከእኛ በፊት ሥራውን ይሠሩት ነበርና።

ያልተሳካው

ብስባሽ ያዘጋጀንበት ጉድጓድ ከሽፏል። የምግብ ትራፊና የገራባ እንጨት በአንድ ጥግ ቀብረን ማዳበሪያ ልናደርገው ሞከርን። ብስባሽ እርጥበት ይፈልጋል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የላይኛው ክምር በአንድ ቀን ደርቆ ይንኮሻኮሻል። በፈረቃ ከሚመጣ ውሃ ቆሻሻ ላይ አፍስሱ ብሎ እናቶችን መጠየቅ ደግሞ አላስቻለንም። እንጨቱ ሳይቆራረጥ ስለገባ አልበሰበሰም፤ ልጣጩ ዝንብና አይጥ ጠራ። በሦስተኛው ወር ደፈንነው። የአትክልት ልጣጩን አሁን እናቲቱ ለፍየሎቻቸው በባልዲ ይወስዳሉ። የሻገተ እንጀራም ከብት ስለሚጎዳ ከደረቀው እንዲለይ ብንናገርም ሁልጊዜ አይለይም።

በሚያዝያ ዝናብ ወቅት ሌላ ስህተት ታየ። ክዳናቸው የተሰበረው በርሜሎች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ለጉብኝት የመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጎንበስ ብለው የስልካቸውን መብራት ወደ ውስጥ ሲያበሩት ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ኮማ የተጣጠፉ ትንንሽ የትንኝ እጮች ወደ ላይ ወደ ታች ይዘሉ ነበር። የቺኩንጉንያው ዓመት የመገጣጠሚያ ሕመም ወራት ሙሉ ያሠቃያት አንዲት ጎረቤታችን ያን አይታ በዚያው ዕለት መሰርሰሪያ ተውሳ የበርሜሎቹን ሥር በሳችው። ከዚያ ወዲህ ውሃ አይቆምባቸውም።

ለፌስታል እስካሁን ተቀባይ አላገኘንም። ከቆጡ አጠገብ የሚሰበሰበው ባዶ ፌስታል ቢያንስ ከፍየል ሆድ ድኗል፤ መጨረሻው ግን ጋሪው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቀጫጭንና የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ደንግጎ ነበር፤ ሱቃችን ግን በቀጫጭኖቹ እንደ ተሞላ ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የሱቁ ባለቤት ከዚያ ወዲህ ዘንቢል ይዞ ለመጣ ደንበኛ ፌስታል አይሰጥም። ጫት ሻጯን ማሳመን ግን ከባድ ነው፤ ጫቱ እንዳይደርቅ የሚይዘው እርጥበት ያለው መጠቅለያ ነው። የሙዝ ቅጠል ሞክራ ነበር፤ ደንበኞቿ ቅጠሉን ወደዱት፤ በየቀኑ የሚያቀርብላት ሰው ግን አልጸናም።

የተከራይ መቀያየርም ያዳክመናል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ለሁለት ሳምንት ያህል ቆጡ ላይ የታሰረ ፌስታል ይገኛል። አሁን ቁልፍ የሚያስረክበው ዘበኛ አዲሱን ተከራይ ዕቃው ሳይራገፍ በፊት ቆጡንና በርሜሉን ያሳየዋል። ከጽሑፍ ማሳሰቢያ ይህ በብዙ ይሻላል።

ሌላ ግቢ ሊወስደው የሚችለው

ሌላ ሰፈር የእኛን ቆጥ መቅዳት የለበትም፤ ፍየል የሌለበት ሰፈር ቆጥ ምን ያደርግለታል? ሊቀዳ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ማንኛውም በርሜል ከመገዛቱ በፊት የአንድ ቀን ቆሻሻ በሸራ ላይ ይዘርጋ፤ ለየክምሩ ተቀባይ በስም ይፈለግ፤ የበርሜሉ ቁጥር በተቀባዩ ቁጥር ይወሰን። ተቀባይ የሌለውን ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ሰውን ያታክታል፤ አንዴ የታከተ ሰው ደግሞ ተቀባይ ያለውንም መለየት ያቆማል። እኛ የጠፋውን እምነት መልሰን ለማግኘት አምስት ወር ገደማ ፈጅቶብናል።

ከዚያ ቀድሞ የነበረው መለያ ይጠና። በሐረርም በድሬዳዋም ከመንገድ የሚለቅም፣ የሚገዛ፣ የሚያደርቅ፣ የሚያደልብ ሰው አለ። ከሐረር ግንብ ውጭ ጅቡ እንኳ የሥጋና የአጥንት ትራፊ እየበላ የራሱን ድርሻ ሲያነሣ ኖሯል። አዲስ አሠራር እነዚህን ሁሉ ሳያይ ሲመጣ የአንዱን እንጀራ ይቆልፋል ወይም የአንዱን ፍየል ይገድላል።

ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ይጠሩ። በእኛ ጉዳይ የሸራው ሐሳብ፣ የማለዳው ሰዓትና የምላጩ ጣሳ ሦስቱም ከእነርሱ የመጡ ናቸው። ሥልጠና የሚሰጥ ካለም ቆሻሻውን በእጁ ለሚያወጣው ሰው፣ ማለትም ለቤት ሠራተኛዋና ለልጆቹ፣ ይስጥ። ያው የ1999ኙ አዋጅ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ማድረስን የቤተሰቡ ኃላፊ ግዴታ አድርጎት ነበር። ግዴታውን ቤተሰቡ እንዲወጣ «የተዘጋጀለት ቦታ» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለበት፤ ቦታውን ማዘጋጀት ደግሞ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። ይህን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተናግረናል፤ ለሃይላንድና ለካርቶን የተለየ ጋሪ በሳምንት አንድ ቀን እንዲመጣ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ከ24ቱ ቤተሰቦች ገራባና አመድ የማይለይ በአሁኑ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ሃይላንድን የሚለዩት ከግማሽ ይበልጣሉ። የጎርፍ መውረጃው ባለፈው ክረምት አልተደፈነም፤ ይህ በከፊል ጥቂት ወጣቶች ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ስለጠረጉት ነው። ዳይፐር ከጋሪው ጭነት ትልቁን ድርሻ እየያዘ መጥቷል፤ ሸራውን እንደገና የዘረጋን ጊዜ ስም ያልተጠራለት ትልቁ ክምር እርሱ ነበር። ሦስት ሕጻናት ያሏት የሦስተኛ ፎቅ እናት የጨርቅ ሽንት ጨርቅ ለቀን ለቀኑ መሞከር ጀምራለች፤ ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት ይሆንላታል፣ በማይመጣባቸው ቀናት ወደ ዳይፐሩ ትመለሳለች።

በካሣ የተገዛችው ጠቦት አድጋ ወልዳለች። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋሪው ከመድረሱ በፊት፣ ግልገሏን አስከትላ ቆጡ ሥር ትደርሳለች። ግልገሏ ቁመቷ ስለማይደርስ ዘበኛው ከላይ ቅጠል ቅጠሉን እያነሣ ያወርድላታል፤ ሲያወርድም በእጁ እያገላበጠ ፌስታል እንዳይኖርበት ያያል።